በአንድ ዓይን የተሳለው ንጉሥ

ሳንቲሞቼን ለሰው ሳሳይ አስቀድሜ ዓይን አስጨፍናለሁ። ከረጢቷን እፈታና አንዷን በእንግዳዬ መዳፍ ላይ አኑሬ፣ «በይ ዳብሻት፣ ምንድን ናት?» እላለሁ። አንዷ «የሸሚዝ ቁልፍ» ትለኛለች። ሌላዋ «የተደፈጠጠች ሽንብራ» ትላለች። እውነትም ከዚያ ብዙ አትበልጥም። ዓይን ሲገለጥ ግን ያቺን ከምታህል ነሐስ ላይ ንጉሥ ብቅ ይላል፤ አንገቱ፣ ሰልካካ አፍንጫው፣ በራሱ ዙሪያ የታሰረው የዕንቁ ጌጥ ሳይቀር።

የሮም ነገሥታት ገንዘብ ነው። ያውም የኋለኞቹ፣ ክርስትና ከገባላቸው ወዲህ የነገሡት። ጎንደር ተወልጄ ጎንደር ያረጀሁ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ዛፍ ሥር ተቀምጬ ፊደል ከመልቀሜ በቀር የትምህርት ቤት ደጅ ያልረገጥሁ ሴት፣ የሮምን ገንዘብ እንዴት ሰብሳቢ እንደሆንሁ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። በእግሬ ምክንያት ነው። እግሬ አንድ ቦታ አይረጋም። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «እኔ አንቺን አገባሁ፤ አንቺ ግን መንገድ ነው ያገባሽው» ይለኝ ነበር። እሱ ካረፈ በኋላማ ማን ይመልሰኝ? የአንዱን ደብር ንግሥ አክብሬ ሳልመለስ የሌላው ይደርሳል። ዳባት ስሉኝ ደባርቅ ነኝ፤ ደባርቅ ሲፈልጉኝ ቁልቁለቱን ወርጄ ዛሪማ ገበያ ውስጥ እገኛለሁ።

ልጆቼ ይህን ሲያዩ፣ «መዞርሽ ካልቀረ አንዴ ከዞሩት የማይቆጭበት ቦታ ሂጂ» ብለው ለፋሲካ ኢየሩሳሌም ሰደዱኝ።

እዚያ ከጎልጎታ ወጣ ብሎ ደረጃ የበዛባት አንዲት ጠባብ መንገድ አለች። ከሱቆቹ ባንዱ ደጃፍ ትልቅ የመዳብ ሳሕን ተቀምጧል፤ ሞልቶ የፈሰሰው እህል አይደለም፣ አረንጓዴ ዝገት የለበሰ ጥቃቅን ሳንቲም ነው። ባለሱቁ ሽማግሌ አንዷን አንስቶ በአውራ ጣቱ ወለወላትና፣

«ኮንስታንቲን!» አለኝ።

«ማን? ቆስጠንጢኖስ?»

«ኮንስታንቲን! ኮንስታንቲን!»

«የእሌኒ ልጅ?»

ይቺን ሲሰማ ፊቱ በራ። «ሄሌና! ሄሌና!» እያለ ሳሕኑን እስከ ክንዱ ድረስ ይበረብር ጀመር። ብዙ በርብሮ አንዲት አወጣ። ጢም የሌለው፣ ለስላሳ፣ ራሱን በዕንቁ ያሰረ ፊት ነው። እኛ ዘንድ ንጉሥ ሲሳል ጢሙ ደረቱ ላይ ነው የሚወርደው። ጢም የሌለው፣ ዕንቁ ያሰረ ሰው ከሴት በቀር ማን ይሆናል? እሌኒ ናት አልሁና ስሜ ተቀበልኋት። በየዓመቱ መስከረም ላይ ደመራ የምንለኩሰው በማን ሆነና! መስቀሉን ቆፍራ ያወጣችውን ንግሥት ገንዘብ መያዝ የቅድመ አያቴን ነጠላ የማግኘት ያህል ነበር የታየኝ።

ከዚያ በኋላ፣ እንደ አገሩ ልማድ፣ ስሜ ጠፋና «ኢየሩሳሌም» ተባልሁ። ደርሶ የመጣ ሰው ሁሉ እንዲያ ነው የሚጠራው። እኔ ግን ልቤ ከዚያ ሳሕን አልተመለሰም። ለፋሲካ የሚሄዱትን ተሳላሚዎች ስሸኝ፣ «ሻማውንም መቁጠሪያውንም ተዉት፤ ከዚያች ደረጃ ከበዛባት መንገድ አንዲት አረንጓዴ ሳንቲም አምጡልኝ» እላለሁ። የሚመለሱበት ቀን ሲደርስ በሚኒባስ አዘዞ ወርጄ ከአውሮፕላን ማረፊያው ፊት ለፊት እቀመጣለሁ። ሻንጣቸውን እየጎተቱ ሲወጡ አንዷ እቅፍ አድርጋኝ በወረቀት የተጠቀለለች ነገር በእጄ ታስጨብጠኛለች። የሚረሳም አለ። የዛሬን የእስራኤል ሳንቲም የሚያመጣልኝም አለ፤ እሱንም እግዜር ይስጥልኝ ብዬ እቀበላለሁ።

መጀመሪያ የመጣልኝን እንደ ብር መስቀል በሎሚና በአመድ ፈትጌ ነበር። አረንጓዴው ሲለቅ የንጉሡ አፍንጫ አብሮ ለቀቀ። ከዚያ ወዲህ አልፈትግም፤ ኑግ ዘይት ውስጥ ዘፍዝፌ አሰነብታቸዋለሁ፣ ዝገቱ ሲፈቅድ በራሱ ይላላል። ጀርባቸው ልዩ ልዩ ነው። ባንዷ ላይ በሁለት በኩል ግንብ ያለበት በር አለ፣ ከላዩ ኮከብ አለበት፤ ጎንደሬ ሁሉ «የፋሲል ግንብ ነው» ይለኛል። በሌላዋ ላይ አንድ ወታደር በእግሩ ቆሞ ከፈረስ የወደቀ ሰው በጦር ይወጋል። እሷን ደባርቅ ገበያ ላይ ለሴቶቹ ባሳያቸው ጠብ ተነሣ።

«ጊዮርጊስ ነው!» አለች አንዷ።

«ጊዮርጊስማ ከፈረሱ መች ወርዶ ያውቃል?»

«ዛሬ ገበያ አይደል? ፈረሱን ሊሸጠው ይሆናላ!»

ዙሪያውን የተጻፈውን ማንም አይነግረኝም። ከተማ የተማሩት ፊደሉን ያውቁታል፣ ቃሉን አያውቁትም። ቄሶቹም የግእዝ እንጂ የሮም አይደሉም። እዚህ ላይ ሁላችን እኩል መሃይም ነን፤ ደስ ይለኛል።

ከዕለታት አንድ ቀን ቀኝ ዓይኔን ሞራ ጋረደው። ድንገት አይደለም፤ ቀስ እያለ፣ ሰማዩ ላይ ወተት እንደ ፈሰሰበት ሆነ። ግራው ደግሞ ይከተለው ጀመር። ሳንቲሞቼን በጣቴ ስለማውቃቸው ብዙም አላዘንሁ፤ የመንገዱ ድንጋይ ግን በጣት አይታወቅም። ሁለት ጊዜ ወደቅሁ። ዓይኔ ከጠፋ እግሬም ታሰረ ማለት ነው፤ እግሬ ከታሰረ ደግሞ እኔ ምንድን ነኝ? ሐኪም ቤት ካርድ ክፍል የምትሠራው ልጄ ለዓይን ሐኪሟ አሳየችኝና፣ «ይገፈፋል፣ ቶሎ ይምጡ ብለዋል፤ ግራው ሳይብስ» ብላ ቀጠሮ አስያዘችልኝ። እኔም እሺ ብዬ ነበር፣ እታለም እስክትመጣ።

እታለም የሟች ባሌ ታላቅ እህት ናት፤ ከእኔ ቤት አጥር ብቻ ነው የሚለያት። ሸጋ ሴት ናት፣ ምላሷ ግን እንደ በርበሬ ነው። ያን ቀን ልትጠይቀኝ መጥታ ተቀምጣ ሳለ ከሳንቲሞቼ አንዷን አነሣች። አፍንጫዋ ጫፍ ድረስ አቀረበቻት። ወደ ደጅ ዞራ በፀሐዩ አየቻት።

«ይኼ ሰውዬ ሌላው ዓይኑ የት አለ?»

«ወደ ጎን ዞሮ ነዋ፣ እታለም።»

«ወደ ጎን ዞሮ!» አለች ድምጿን ከፍ አድርጋ። «አንቺ፣ ይኼን ሁሉ ደብር ስትዞሪ ግድግዳውን አይተሽ አታውቂም? በአንድ ዓይን የሚሳለው ማን ነው?»

ማን እንደሆነማ ማንም ያውቃል። በእኛ አገር ሥዕል ጻድቃን ሰማዕታት ሁለቱን ዓይናቸውን ገልጠው ፊት ለፊት ያዩናል። በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሳሉት ሰይጣን፣ ይሁዳ፣ ሄሮድስ፣ ጌታን የገረፉት ጭፍሮች ናቸው። ከረጢቷን በሙሉ መሶብ ክዳን ላይ ዘረገፍሁና በጣቴም በቀረችኝ ግማሽ ዓይንም ፈተሽሁ። ሁሉም ወደ ጎን ዞረዋል። ሁለት ዓይን ያለው አንድ እንኳ የለም። እሌኒም ጭምር!

«እንግዲህ እይው» አለች እታለም። «አንድ ዓይና ስትሰበስቢ ስትሰበስቢ አንድ ዓይና ሆንሽ። ቁጣ ነው ይኼ። ቁጣ ደግሞ በሐኪም አይገፈፍም። ወንዝ ጣያቸው!»

ቁጣ ከሆነ ሐኪሟ ምን ልታደርግልኝ ነው? እንዲያውም ተቆጪውን ይብሱን ማስቆጣት አይሆንም? ለልጄ ቀጠሮው ይቅር አልኋት።

«ምነው እማ? ምን ተገኘ?»

ነገርኋት። ራሷን በሁለት እጇ ያዘች።

«ሞራ እኮ እንደ ሽበት ነው፣ ከዕድሜ ጋር የሚመጣ ነው። ሽበትሽንም ሳንቲሙ ነው ያመጣው?»

«ሽበቴንማ አንቺ ነሽ ያመጣሽው።»

ሳቀች፤ ወዲያው ግን ዓይኗ እንባ ማቅረሩን ከድምጿ አወቅሁ። «ግራው እስኪሄድ ነው የምትጠብቂው? ከዚያ ማን እየመራሽ ልትዞሪ ነው?»

«በአንድ ዓይን የሚሥለውን ሰው ራሱን እጠይቃለሁ፤ እሱ ጣይ ካለኝ እጥላለሁ፣ ታከሚ ካለኝ እታከማለሁ» አልኋት። ከዳባት ወጣ ብላ ባለች ደብር አንድ አረጋዊ የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊ አሉ፤ አያ ነው የምንላቸው፣ ከድሮም ያውቁኛል። መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል አንድ ቀን ይዘጋል የሚባልበት ጊዜ ነበር፤ ሲከፈት ተነሣሁ። እታለምም ነጠላዋን አጣፍታ ደጄ ላይ ቆማ አገኘኋት።

«አንቺ ደግሞ የት ነሽ?»

«እኔ በጆሮዬ ካልሰማሁማ፣ ያላሉትን አሉ ብለሽ ትመጫለሽ።»

ሚኒባሱ ውስጥ ስትገባ ባዶ ወንበር መስሏት ባንዲት ሴት ጭን ላይ ዘፍ አለች። ሴትዮዋ ጮኸች፤ እታለም፣ «ምነው፣ ወንበር ብትመስዪኝ እኔ ምን ላድርግ?» ብላ ጭራሽ ተቆጣቻት። ሰዉ ሁሉ እስከ አምባ ጊዮርጊስ ድረስ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ሌላ ነገር ልብ አላልሁም። ከሚኒባሱ ወርደን ደግሞ በብርዱ ውስጥ እጅ ለእጅ ተያይዘን ዳገቱን ወጣን። ማን ማንን እንደሚመራ እንጃ፤ እሷ «ድንጋይ» ስትለኝ በግ ይሆናል፣ እኔ «ጥላ» ስላት ጉድጓድ ይሆናል።

አያ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ፀሐይ እየሞቁ ሸራ ወጥረው ስቅለት ይሥሉ ነበር። ጉልበታቸውን ሳምንና ቁጭ አልን። እኔ ሳልጀምር እታለም ጀመረች።

«አያ፣ ይቺ ኢየሩሳሌም ከኢየሩሳሌም ምን ተሸክማ እንደመጣች እዩላት።»

ከረጢቷን ሰጠኋቸው። አንድ በአንድ እያነሡ፣ በቀለም በተነከረ ጥፍራቸው እየነካኩ፣ ረጅም ጊዜ አዩአቸው። ከዚያም አንገታቸውን ነቀነቁና፣ «እጁ ሸጋ ነው» አሉ። «ይቺን ከምታህል ነገር ላይ ቅንድብ! የሠራውስ ሰው ምን ዓይን ቢኖረው ነው?»

«እሱማ አያ፣ የሠራውን ትተው የተሠራውን ይንገሩን እንጂ» አለች እታለም። «በአንድ ዓይን አይደለም ወይ?»

«በአንድ ዓይን ነው።»

«በአንድ ዓይን የሚሳልስ የተፈረደበት አይደለም ወይ?»

አያ ብሩሻቸውን አነሡና ወደ ሸራው አመለከቱ። «ይኼን እይው፤ ከመስቀሉ ሥር፣ ጦር የያዘው። ማን ነው?»

እታለም ወደ ሸራው አንጋጠጠች። «አየሁት፣ አየሁት» አለች በችኮላ። እኔ ቀርቤ፣ በግራ ዓይኔ አፍጥጬ አየሁት። ጦር የያዘ ወታደር ነው፤ ባንድ ዓይን ነው የተሳለው።

«ለንጊኖስ!» አልሁ።

«ለንጊኖስ። እሱም የእነዚህ የሮማውያኑ ጭፍራ ነበር። የጌታን ጎን ሊወጋ ሲመጣ አንድ ዓይና ነበር፤ በወጋበት ጦር ላይ የወረደው ደም ዓይኑን ነካውና በራለት። አመነ፣ ሰማዕትም ሆነ። ዓመት ጠብቀን እናከብረዋለን። እኔ ግን የምሥለው ገና ሲወጋ ነው፣ ስለዚህ አንድ ዓይን እሰጠዋለሁ። የተፈረደበት ስለሆነ ነው?»

ብሩሻቸውን ቀለም ውስጥ ነከሩ።

«ገና ስላልበራለት ነው» አሉ አያ። «ቀጥላ ያለችው ሰዓት እኮ እኔ ሸራ ላይ የለችም።»

እኔ እንባዬ መጣ። ሁለቱም ዓይኖቼ፣ የታመመውም ደህናውም፣ ማልቀስ አልጠፋባቸውም።

እታለም ግን የምትሸነፍ አይደለችም። «ታዲያ ለንጊኖስን ጌታ ነው ያዳነው፣ ሐኪም ቤት መች ሄደ?»

«ጦር አልያዘም?» አሉ አያ ሳቅ እያሉ። «የዓይን ሐኪሞቹም ጦር አላቸው፤ ትንሽ ናት እንጂ። የእኔን ባለፈው ዓመት ገፈውልኛል። በምኔ የምሥል መሰለሽ?»

ስንመለስ እታለም መንገዱን ሙሉ ዝም አለች። እንዲህ ያለ ዝምታዋን ባሌ ሲቀበር እንኳ አላየሁም።

ቀጠሮዬ ደረሰና ገባሁ። ፈርቼ ስለነበር እሌኒን በመዳፌ ጨብጬ ነው የሄድሁት። በሩ ላይ ያለችው ነርስ፣

«እማማ፣ በእጅዎ ምንድን ነው የያዙት?» አለችኝ።

«ንግሥት ናት።»

ተቀብላ አገላብጣ አየቻትና ወደ ልጄ ዞረች። «ንግሥቲቱ ውጭ ይጠብቁ። ወንበር ስጡልን።»

እየሳቅሁ ተኛሁ። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፣ ድምጿ ከልጄም ያንሳል። ዓይኔን አደነዘዙት፣ እኔ ግን ነቅቼ ነበር። «እናቴ፣ ብርሃኑን ብቻ ይመልከቱ» ትለኛለች። «ያቺን ትንሿን ጦር ይዘሻታል?» አልኋት። «ምን አሉኝ?» አለች። «ምንም፤ ሥሪ ልጄ» አልኋት።

በማግስቱ ጠዋት የዓይኔን ሽፋን ሲያነሡልኝ መጀመሪያ ያየሁት የልጄን ፊት ነው። ወተቱ ተገፏል። ግንባሯ ላይ ያለችውን የልጅነት ጠባሳ፣ የጆሮዋን ጉትቻ፣ ሁሉን አየሁ። ከጆሮዋ በላይ ደግሞ የማላውቀው ነገር አየሁ።

«ሸብተሻል እኮ!» አልሁ ደንግጬ። «ይኼን ማን አመጣው?»

«አንቺ ነሻ!» አለችና አንገቴ ላይ ተንጠልጥላ አለቀሰችብኝ።

ከዚያ ሳንቲሟን አምጪ አልኋት። ወደ መስኮቱ ያዝኋት። አቤት ቅንድቡ! አቤት ዕንቁው፣ አንድ በአንድ የተደረደረው! ግን አንገቱ ወፈረብኝ። ጉሮሮው ላይ ትንሽ እብጠት አለች፣ የጎረምሳ ጉሮሮ ላይ የምትወጣው ዓይነት። ልጄ በስልኳ ፎቶ አነሣችና አጉልታ፣ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየለቀመች ስልኩ ውስጥ ጻፈቻቸው። ቆየችና ቀስ ብላ፣ የምሞት ይመስል፣

«እማ፣ አትዘኚ። እሌኒ አይደለችም። ወንድ ነው። የቆስጠንጢኖስ ልጅ ነው ይላል።»

«የቆስጠንጢኖስ ልጅ?»

«አዎ።»

«የእሌኒ የልጅ ልጅ ነዋ!» ብዬ በሳቅ ፈነዳሁ። ሐኪሟ ሮጣ መጥታ፣ «እናቴ፣ አይሳቁ፣ ዓይንዎን ይጎዱታል!» ብትለኝም ማን ያቁመኝ? አያት ተሸክሜ የዞርሁ መስሎኝ ለካ የልጅ ልጅ አዝዬ ኖሬያለሁ። ይህም ለአያት ደንበኛ ሥራዋ ነው።

ቤት ገብቼ ሳርፍ እታለም ልትጠይቀኝ መጣች። እርጎ ይዛ ነበር፤ ስታቀብለኝ ከእጄ ጎን አሳልፋ ምንጣፉ ላይ ልትደፋው ስትል ለጥቂት ያዝሁላት። ተቀመጠች። ስለ ዝናቡ አወራች፣ ስለ ዶሮዎቿ አወራች፣ ልጄ የነገረቻትን የሳንቲሟን ጎረምሳ ነገር አንሥታ ሳቀች። ከዚያ ድንገት፣

«ያማል?» አለች።

«ምኑ?»

«ጦሯ።»

«አያምም። ምነው?»

«እንዲያው ነው።»

በአዲሱ ዓይኔ ትኩር ብዬ አየኋት። ሁለቱም የዓይኖቿ ብሌኖች ላይ ወተት ነበር፤ ከእኔ የባሰ ወተት። የሚኒባሱ ሴትዮ ጭን፣ ድንጋይ የመሰላት በግ፣ ሸራው ላይ ሳታይ «አየሁት አየሁት» ማለቷ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጣብኝ።

«እታለም፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ያን ዕለት ሳንቲሟን አፍንጫዬ ላይ አድርጌ ሳያት አንድ ዓይን ብቻ ታየኝ» አለች። «ሌላው እዚያው እያለ እኔ ያጣሁት መሰለኝ። ለዚያ ነው ሌላው የት አለ ብዬ የጠየቅሁሽ። አንቺ ‹ወደ ጎን ዞሮ ነው› ስትዪኝ፣ ጉድለቱ የሱ ነው እንጂ የእኔ አይደለም ብዬ ደስ ብሎኝ ያን ሁሉ ተናገርሁ።»

እጇን ያዝሁት። እጄን አልገፋችውም፤ ይህም ለእሷ ትልቅ ነገር ነው።

«ያን ጎረምሳሽን ታውሺኛለሽ?» አለች ቀስ ብላ።

ልጄ ቀጠሮ አስያዘችላት። ቀኑ ሲደርስ እኔ ነኝ የመራኋት፤ በፒያሳ በኩል ባጃጅ ይዘን፣ ቀዩንም ሰማያዊውንም እያየሁ፣ «ድንጋይ» ስላት በእውነት ድንጋይ ሆኖ። ሳንቲሟን በጡጫዋ አፍና ይዛታለች። በሩ ላይ ያቺው ነርስ ነበረች። የእታለምን የተጨበጠ እጅ አየችና እኔን አየችኝ፣ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠች።

«ደግሞ ንግሥቲቱ ናቸው?»

«ንጉሥ ነው» አለች እታለም ቀና ብላ። «አያቱ ናቸው የላኩት።»

ጡጫዋን ፈታችና ሳንቲሟን በመዳፌ ላይ አኑራ ገባች።